የአንድ ትምህርት ክፍል አቅም ስንት ነው?

የሠራተኛን ጊዜ ስለ መለካትና የምርምር ሥራን ስለ ማቀድ

በአንድ የሳይንስ ትምህርት ክፍል የሠራተኞች መዝገብ ላይ 12 መምህራን አሉ እንበል። የክፍሉ የምርምር አቅም ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙዎቻችን «የ12 ሰው» ብለን ለመመለስ እንቸኩላለን። ይህ አመላለስ የመኪናን ፍጥነት በጎማዎቹ ብዛት እንደ መናገር ነው። በፊዚክስ ትምህርት «አቅም» ማለት ሥራ በጊዜ ሲካፈል የሚገኘው መጠን እንደሆነ ተምረናል። የትምህርት ክፍል አቅምም የሚለካው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሰዎቹ ብዛት ከስሌቱ ግብአቶች አንዱ ብቻ ነው።

ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፣ ተማሪን አይመለከትም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን የድኅረ ምረቃ ተማሪ አማካሪው ጽሑፉን አንብቦ እስኪመልስለት ሁለት ወር ሲጠብቅ፣ ናሙናው በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ፣ በሁለት ዓመት ይጠናቀቃል የተባለው ትምህርት አራተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በማን ላይ ነው? ተማሪው ምክንያቱ የሰዎች ስንፍና ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ አስቀድሞ መሠራት ሲገባው ማንም ያልሠራው ስሌት ነው። ስሌቱም ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ እምብዛም አያልፍም።

የሰው ወር

ማንኛውም ልኬት አሐድ ይፈልጋል። የሰው ኃይል የሚለካው የሰው ብዛትና ጊዜ ተባዝተው በሚሰጡት አሐድ ሲሆን፣ የሰው ሰዓት፣ የሰው ቀን ወይም የሰው ወር ይባላል። ሐሳቡ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በወንፈል አንድ ገበሬ በጎረቤቱ ማሳ ላይ አንድ ቀን ቢያርም፣ ጎረቤቱ በተራው አንድ ቀን ያርምለታል። ከልጁ ጋር ሁለት ሆኖ ከሄደም ሁለት የሰው ቀን ይመለስለታል። ሒሳቡ በወረቀት ባይሰፍርም አይዛነፍም። ደቦ ግን ከዚህ ይለያል፤ ጠሪው የሚበላና የሚጠጣ አዘጋጅቶ ሰው ይሰበስባል እንጂ ቀን በቀን የሚመለስ ብድር በጥብቅ አይቆጠርበትም። አንዳንድ የምርምር ፕሮጀክቶች በደቦ መንፈስ ታቅደው፣ መጨረሻ ላይ በወንፈል ሒሳብ ሲጠየቁ መመልከት የተለመደ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ይህ አቆጣጠር ሥርዓት የያዘው እ.ኤ.አ. በ1963 በጣልያን አገር በፍራስካቲ ከተማ፣ በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት አማካይነት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የምርምር ሥራን ለመለካት የሚያስችል መመሪያ ካዘጋጁ በኋላ ነው። መመሪያው እስካሁን በዚያች ከተማ ስም ይጠራል፤ ሰባተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል። ከመሠረታዊ ሐሳቦቹ አንዱ «የሙሉ ጊዜ አቻ» የሚባለው ነው። ከሥራ ጊዜው 30 በመቶውን ለምርምር፣ የቀረውን ለማስተማር የሚያውል መምህር በዚህ አቆጣጠር 0.3 ተመራማሪ ነው። አንድን ሰው በአሥርዮሽ መግለጽ ክብሩን የሚነካ ይመስላል፤ የሚከፋፈለው ግን ሰውየው ሳይሆን ጊዜው ነው።

አሁን ወደ ምናባዊው ትምህርት ክፍላችን እንመለስ። አንድ መምህር የዓመት ፈቃድና በዓላት ተቀንሰው በዓመት 45 ሳምንት፣ በሳምንትም 40 ሰዓት ይሠራል እንበል። ዓመታዊ ጊዜው 1,800 ሰዓት ይሆናል። ይህን ለ12 ወራት ብናካፍለው አንድ የሰው ወር 150 ሰዓት ነው። በመዝገቡ መሠረት እንግዲህ ክፍሉ በዓመት 144 የሰው ወር አለው።

ከ12ቱ ሦስቱ ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር ናቸው። ስማቸው በመዝገቡ ላይ አለ፣ ጊዜያቸው ግን የለም። አንዱ የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የማስተማር ጭነቱ ቢቀነስለትም የተረፈውን ደብዳቤና ስብሰባ ስለሚበሉት ለምርምር የሚቀረውን ጊዜ ዜሮ ብንለው ብዙ አንሳሳትም። 8 መምህራን ቀሩ። እያንዳንዳቸው 16 ሳምንት በሚፈጁ ሁለት ሴሚስተሮች፣ ማለትም በ32 ሳምንታት፣ በሳምንት 10 ሰዓት ክፍል ይገባሉ። ለእያንዳንዱ የክፍል ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ለዝግጅትና ለእርማት እንጨምር፤ በሳምንት 25፣ በዓመት 800 ሰዓት ሆነ። ፈተና ማውጣት፣ መቆጣጠርና ማረም 4 ሳምንት ወይም 160 ሰዓት ይወስዳል። ኮሚቴና ስብሰባ በሳምንት 3 ሰዓት፣ በ45 ሳምንት 135። የተማሪዎችን ጽሑፍ ማማከር በትምህርት ሳምንታት በሳምንት 4 ሰዓት፣ በድምሩ 128። ሁሉም ሲደመር 1,223 ሰዓት ይሆናል። ከ1,800 የቀረው 577 ነው። ለ8 መምህራን 4,616 ሰዓት፣ ወይም ወደ 31 የሰው ወር ገደማ።

በመዝገቡ 144፣ በእውኑ 31። ይህም የሁለት ተኩል ተመራማሪ ያህል የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። ይህ ክፍል በአንድ ዓመት እያንዳንዳቸው 15 የሰው ወር የሚጠይቁ ሦስት ፕሮጀክቶችን ቢፈርም፣ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ 14 የሰው ወር ይጎድለዋል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ተሸሽጓል። 577ቱ ሰዓት በዓመቱ ውስጥ እኩል አልተከፋፈለም። በትምህርት ሳምንታት ለምርምር የሚተርፈው በሳምንት 8 ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው። ትምህርትም ፈተናም በሌለባቸው 9 ሳምንታት ግን በሳምንት 37 ሰዓት ይገኛል፤ በድምሩ 333። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የዓመቱ የምርምር ጊዜ ያለው በእነዚያ ዘጠኝ ሳምንታት ነው ማለት ነው። እንግዲህ መሣሪያን ለጥገና መፍታት፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያን ፈቃድ ማስወጣት፣ አውደ ጥናት መጥራት፣ ሁሉም «ተማሪ የሌለበት ጊዜ ነው» እየተባለ ወደ ክረምት የሚገፋ ከሆነ፣ የሚቃጠለው ውድ የሆነው ሰዓት ነው።

ጊዜን ስለ መለካት

ከላይ የተጠቀምንባቸው ቁጥሮች ግምቶች ናቸው። እውነተኞቹን ለማግኘት መለካት ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ ሠራተኞችን መጠየቅ ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ፕሮጀክት በየፊናው «ከጊዜህ ስንት በመቶውን ትሰጠኛለህ?» ብለን ካስጠየቅነው፣ አንድ ሰው ለአራት ፕሮጀክቶች 40 በመቶ እየሰጠ 160 በመቶ ሊሆን ይችላል። ኳንተም ሜካኒክስ የተማረ ሰው የሁሉም አማራጮች ዕድል ተደምሮ ከ1 መብለጥ እንደሌለበት ያውቃል። የሰው ጊዜም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻ እጅግ ቀላል ነው፦ ሰዎችን በረድፍ፣ ሥራዎችን በዓምድ ያሰፈረ አንድ ሠንጠረዥ ማዘጋጀትና እያንዳንዱ ረድፍ ከ100 አለመብለጡን ማየት። በርካታ ፕሮጀክቶች የሚወድቁት በዚህ ፍተሻ ነው፤ የሚያሳዝነው ፍተሻው የሚደረገው ገንዘቡ ከተፈረመ በኋላ መሆኑ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ሆራይዘን ዩሮፕ በተባለው የምርምር መርሐ ግብሩ የአንድን የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ዓመት 215 የሥራ ቀናት አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ መሠረት አንድ የሰው ወር 18 ቀን ያህል እንጂ 30 አይደለም። ለአንድ ሰው ከዚህ በላይ ቀን በተለያዩ ፕሮጀክቶች ላይ ማስመዝገብም አይቻልም። የገንዘብ ሰጪው ዓላማ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ነው፤ ለትምህርት ክፍሉ ግን ይኸው ሕግ ራሱን እንዳያታልል ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ዘዴ የየቀኑን ሥራ በሰዓት መመዝገብ ነው። በፊዚክስ እንደምናውቀው ግን መለኪያ መሣሪያ የሚለካውን ነገር ሊያውክ ይችላል። ለዶክትሬት ትምህርት በነበርኩበት አገር ይህን ቅጽ የሚሞሉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ በወሩ የመጨረሻ ቀን ተቀምጠው ከላይ እስከ ታች «8፣ 8፣ 8» ብለው ይጽፋሉ። ቅጹ ለቁጥጥርና ለቅጣት ሲውል የሚሰበሰበው መረጃ ሥነ ጽሑፍ ይሆናል። በእኔ እምነት የጊዜ መዝገብ ከደመወዝና ከሥራ አፈጻጸም ግምገማ ፈጽሞ መለየት አለበት፤ ግማሽ ቀንን እንደ ትንሹ አሐድ መውሰድም ከበቂ በላይ ነው። አንድን መምህር ስለ እያንዳንዷ ሩብ ሰዓት መጠየቅ ክር በሚለካ ሜትር የፀጉርን ውፍረት ለመለካት እንደ መሞከር ነው፤ ቁጥር ይገኛል፣ ትርጉም ግን የለውም።

ሦስተኛው ዘዴ ለሳይንስ ተማሪ ይበልጥ የሚማርክ ነው። እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ቲፔት በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ የሽመና ማሽኖች ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆሙ ለማወቅ ፈለገ። እያንዳንዱን ማሽን ቀኑን ሙሉ ከመከታተል ይልቅ በየጊዜው ብቅ እያለ በዚያች ቅጽበት ስንቱ እንደሚሠራና ስንቱ እንደቆመ ቆጠረ። ከቅጽበቶቹ ውስጥ 30 በመቶው «ቆሟል» ካሉ፣ ማሽኑ 30 በመቶ ያህሉን ጊዜ ቆሟል ማለት ነው። ዛሬ ይህን በእጅ ስልክ ማድረግ ይቻላል፤ በሥራ ሰዓት ውስጥ በዘፈቀደ በተመረጡ ቅጽበቶች ደወል ይሰማል፣ መምህሩም በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ በአንድ ቃል ይመልሳል። ስሕተቱን ማስላትም ቀላል ነው። የተገኘው ምጣኔ 0.3፣ የናሙናዎቹ ብዛት 100 ከሆነ፣ 0.3 በ0.7 ተባዝቶ፣ ለ100 ተካፍሎ፣ ከዚያም ዳግም ዘሩ ሲወጣ 0.046 ይሆናል፤ ማለትም ውጤቱ 30 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 4.6 በመቶ ነው። ናሙናዎቹ 400 ሲሆኑ ስሕተቱ በግማሽ ቀንሶ 2.3 ይሆናል። 8 መምህራን በሳምንት አምስት አምስት ጊዜ ቢመልሱ፣ በ10 ሳምንት 400 መልስ ይገኛል። ይሁን እንጂ ደወሉ በየቀኑ በአራት ሰዓት ብቻ የሚደውል ከሆነ ሁሉንም ክፍል ውስጥ ያገኛቸዋል፤ እንዲህ ያለው የወገናዊነት ስሕተት ደግሞ ናሙና በማብዛት አይወገድም።

የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደርሰናል። ጊዜውን ለክተን 31 የሰው ወር አገኘን እንበል። ታዲያ 31 የሰው ወር የሚፈጅ ሥራ መቀበል አለብን? የተለመደው አስተሳሰብ «ሰው ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም» ስለሚል መልሱ አዎን ይሆናል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል።

ለማስረዳት ያህል አንድ ወፍጮ ቤትን እናስብ። ሰው እህል ይዞ የሚመጣው በቀጠሮ አይደለም፤ ሲመቸው ነው። አንዳንዱ ግማሽ ኩንታል፣ አንዳንዱ አንድ ቁና ይዞ ይመጣል። ጠዋት ወፍጮው ባዶውን ቆሞ ሊውል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰልፉ አጥር ሊያልፍ ይችላል። ቁልፉ ነገር ይህ ነው፦ ጠዋት ባክኖ የቀረው የወፍጮ ጊዜ ለከሰዓት በኋላው ወረፋ አይቀመጥም። እህል ይከማቻል፤ የመፍጨት አቅም ግን አይከማችም።

ይህን ጉዳይ በሒሳብ መመርመር የጀመረው ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ነው። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ደዋዮች ብዙ ሳይጠብቁ እንዲገናኙ ስንት መስመርና ስንት ኦፕሬተር ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ እ.ኤ.አ. በ1909 የመጀመሪያውን ጽሑፉን አወጣ። የቴሌኮም መሐንዲሶች ዛሬም የመስመርን ጭነት በስሙ «ኤርላንግ» ብለው ይለካሉ። ከእርሱ ሥራ በመነሣት ባደገው የወረፋ ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ቀላሉ ቀመር፣ አገልጋዩ አንድ፣ አመጣጡም ሆነ የአገልግሎቱ ርዝመት በዘፈቀደ የሚለዋወጥ ሲሆን የሚከተለው ነው፦

አማካይ ቆይታ = አማካይ የአገልግሎት ጊዜ ÷ (1 − የሥራ ጫና ምጣኔ)

በቤተ ሙከራችን የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያን የሚያንቀሳቅስ አንድ ባለሙያ አለ፤ ለእያንዳንዱ ናሙና በአማካይ 2 ቀን ይፈጅበታል እንበል። ከሥራ ጊዜው 50 በመቶው ብቻ ከተያዘ አንድ ናሙና ከገባ እስኪወጣ በአማካይ 4 የሥራ ቀን ይቆያል። ጫናው 80 በመቶ ሲሆን 10 ቀን፣ 90 ሲሆን 20 ቀን፣ 95 ሲሆን 40 ቀን፣ 98 ሲሆን 100 ቀን ይሆናል። መቶ የሥራ ቀን አምስት ወር ነው። ባለሙያው አልሰነፈም፤ እንዲያውም የሚተነፍስበት ጊዜ አጥቷል። መሣሪያውም አልተበላሸም። ናሙናው ግን ተራውን ይጠብቃል፤ ከናሙናው ጋርም ተማሪው። ጫናው 100 ሲደርስ አካፋዩ ዜሮ ስለሚሆን ቆይታው ያለ ገደብ ያድጋል። በፊዚክስ እንዲህ ያለ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ሰበቃ የሌለው ዥዋዥዌ በራሱ ድግግሞሽ ሲገፋ ውዝዋዜው ያለ ገደብ እንደሚያድግ ማለት ነው።

ሠንጠረዡን ልብ ብሎ ለተመለከተ አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በወር 20 የሥራ ቀን ያለው ይህ ባለሙያ 9 ናሙና ሲቀበል ጫናው 90 በመቶ ነው። 8 ብቻ ቢቀበል 80 በመቶ ይሆንና ቆይታው ከ20 ቀን ወደ 10 ይወርዳል። ከዘጠኝ አንዱን «በሚቀጥለው ሴሚስተር» ማለት የቀሩትን ስምንቱን በግማሽ ጊዜ ያስተናግዳል።

ሁለተኛው መፍትሔ ተለዋዋጭነትን መቀነስ ነው። ናሙናዎች በእኩል ርቀት ተራርቀው ቢመጡና እያንዳንዳቸው ልክ 2 ቀን ቢፈጁ፣ ጫናው ወደ 100 ቢጠጋም ወረፋ አይኖርም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ኪንግማን እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ ጫናው ከፍ ሲል የጥበቃው ርዝመት ከአመጣጥና ከአገልግሎት ተለዋዋጭነት ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቀጠሮ መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያ ቀን ለሁሉም ተማሪ አንድ መሆኑ ግን ለቢሮ አሠራር ቢመችም፣ ለወረፋ ከዚህ የከፋ ሥርዓት ማሰብ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ደግሞ ሁለት ባለሙያዎች ካሉ ሁለቱንም መሣሪያዎች እንዲያውቁ ማሠልጠንና አንድ የጋራ ወረፋ መያዝ ነው። መሣሪያዎቹ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚተኩ ከሆኑ፣ የሁለቱ ሰዎች ጫና 90 በመቶ ሲሆን በየግላቸው ወረፋ ቆይታው 20 ቀን ነው። በጋራ ወረፋ ግን በቀመሩ አካፋይ ውስጥ ከ0.9 ይልቅ ካሬው፣ ማለትም 0.81 ስለሚገባ፣ ቆይታው ወደ 10 ቀን ተኩል ይወርዳል። አንድም ሰው አልተቀጠረም። «ይህን መሣሪያ እገሌ ብቻ ነው የሚያውቀው» የሚለው አነጋገር ለእገሌ ክብር ሊሆን ይችላል፤ ለክፍሉ ግን የታወቀ አደጋ ነው።

የመመረቂያው ዓመት

አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሌላ ዝምድና ከዚህም ይቀላል። በአንድ ሥርዓት ውስጥ ያሉት ሰዎች አማካይ ብዛት፣ በአሐድ ጊዜ የሚወጡት ብዛት በአማካይ ቆይታ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ስለ አመጣጣቸው ሥርጭት ምንም ማወቅ አያስፈልግም፤ ሥርዓቱ የተረጋጋ መሆኑ ይበቃል። እንግዲህ በአንድ ትምህርት ክፍል 24 የማስተርስ ተማሪዎች ካሉና በየዓመቱ 8 የሚመረቁ ከሆነ፣ አማካይ ቆይታቸው 3 ዓመት ነው። በመመሪያው ላይ ሁለት ዓመት ተብሎ መጻፉ ይህን አይለውጠውም። ሁለት ዓመት እንዲሆን ከተፈለገ ወይ በዓመት 12 የማስመረቅ አቅም መፍጠር፣ ወይም በአንድ ጊዜ ከ16 በላይ ተማሪ አለመያዝ ነው። ከዚህ ውጭ ሦስተኛ መንገድ የለም። ተማሪዎችን መገሠጽም በቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስሕተት ሲደመር

አንድ ፕሮጀክት አምስት ደረጃዎች አሉት፤ እያንዳንዱ በአማካይ 20 ቀን ይወስዳል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም 6 ቀን ነው። ድምሩ በአማካይ 100 ቀን ነው። በ100 ቀን አስረክባለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ግን ሳንቲም ወርውሮ እንደ ፈረመ ይቆጠር፤ የማምሸት ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው። ደረጃዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዙ ስሕተቱ 6 በ5 ዳግም ዘር ተባዝቶ 13.4 ቀን ይሆናል፤ 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 122 ቀን መጠየቅ በቂ ነው። ነገር ግን ሁሉንም ደረጃዎች የሚያዘገየው ምክንያት አንድ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመብራት መቋረጥ ወይም ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ፣ ስሕተቶቹ በቀጥታ ተደምረው 30 ቀን ይሆናሉ፤ የሚያስፈልገውም 149 ቀን ነው። በውጭ አገር የተጻፉ የዕቅድ መጻሕፍት የመጀመሪያውን ስሌት ያስተምራሉ፤ በእኛ ሁኔታ ወደ እውነቱ የሚጠጋው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

የስነ ልቡና ሊቃውንቱ ካነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳመለከቱት፣ ሰው የራሱን ሥራ የሚገምተው ነገሮች እንደ ሐሳቡ ሲሄዱ በማየት እንጂ ተመሳሳይ ሥራዎች ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደፈጁ በመጠየቅ አይደለም። የጊዜ መዝገብ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሦስት ያለፉ ፕሮጀክቶች የተገመተላቸውንና በእርግጥ የፈጁትን የሰው ወር ጎን ለጎን የያዘ አንድ ገጽ፣ ከማንኛውም የዕቅድ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ዘግይቶ የመጣ ረዳት

ሥራው ሲዘገይ ሰው መጨመር የተለመደ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ግዙፍ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራን የመራው ፍሬድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው አስረድቷል። አዲሱን ሰው የሚያሠለጥኑት ነባሮቹ ናቸው፤ መነጋገር ያለባቸው ጥንዶችም ይበዛሉ። 5 ሰዎች 10 ጥንድ፣ 10 ሰዎች 45 ጥንድ፣ 20 ሰዎች ደግሞ 190 ጥንድ ይሆናሉ። ናሙና መሰብሰብን በመሰለ ሊከፋፈል በሚችል ሥራ ላይ ረዳት ይጠቅማል፤ በመረጃ ትንተና መካከል ግን መምጣቱ ሌላ ነው።

ብዙ ሰው ሊሠራበት የሚችል ሳይንስ የለም ማለት ግን አይደለም። በጄኔቭ አቅራቢያ በሚገኘው በሰርን የአትላስና የሲኤምኤስ ሙከራዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ሂግስ ቦዞን ግዝፈት በጋራ ያወጡት ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት። ይህ የሚቻለው የእያንዳንዱ ሰው አስተዋፅኦ ስለሚቆጠር ነው። ስሙ በጽሑፍ ላይ እንዲወጣ የሚፈልግ ተመራማሪ ሙከራውን በሚያገለግል ሥራ ላይ፣ መርማሪ መሣሪያውን በመጠበቅ፣ በሌሊት ፈረቃ በመቆም ወይም ሶፍትዌር በመጻፍ የተወሰነ ጊዜ መስጠት አለበት፤ የየተቋማቱም ድርሻ በየዓመቱ ይመዘገባል። በመሠረቱ ወንፈል ነው፤ ማሳው ብቻ ነው የተለየው።

ለአንባቢ የተተወ ጥያቄ

በወር 20 የሥራ ቀን ያለውን፣ 9 ናሙና የሚቀበለውንና ለእያንዳንዱ በአማካይ 2 ቀን የሚፈጅበትን የቤተ ሙከራ ባለሙያ እናስታውስ። የናሙናዎቹ ቁጥር ሳይቀነስ፣ ይህ ሰው በየወሩ ለሁለት ቀን ስብሰባ እንዲቀመጥ ቢታዘዝ አዲሱ የሥራ ጫና ምጣኔ ስንት ይሆናል? የናሙናዎቹ አማካይ ቆይታስ?